የመኪና ሽያጭ ክፍያ በሸሪዓ ሚዛን፦ «የተረፈው ያንተ» መቼ ሐላል ይሆናል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

በመኪና ድለላ የሚተዳደር አንድ ወንድም የሚከተለውን ጥያቄ ጠይቆናል፦ «አንድ ሰው መኪናውን እንድሸጥለት ውክልና ሰጠኝ። ‹ለእኔ 1 ሚሊዮን 900 ሺህ ብር ከገባልኝ ይበቃኛል› አለኝ። እኔ በ2 ሚሊዮን 50 ሺህ ብር ሸጥኩት። ውሉን የፈረምኩት እኔ ስለሆንኩ ባለቤቱ በስንት እንደተሸጠ አላወቀም። ከባለቤቱም ከገዢውም ደግሞ የተለመደውን ሁለት ሁለት ፐርሰንት ተቀብያለሁ። ባልደረቦቼ ‹ይህ የሥራው ጠባይ ነው› ይላሉ። ልቤ ግን አልረጋም። 150 ሺው ሐላል ነው?»

ይህ ጥያቄ በተለያየ መልኩ ደጋግሞ ይመጣል። ከሻጮችም ከገዢዎችም በኩል የሚነሳው ቅሬታ መነሻው አንድ ነው፤ መኪናውን የሚያሻሽጠው ሰው ለማን እንደሚሠራና ከማን ስንት እንደሚያገኝ አይታወቅም። በዚህ ጽሑፍ የመኪና ሽያጭ ሠራተኛና ደላላ የሚከፈሉባቸውን መንገዶች፣ ዑለማዎች ስለ እያንዳንዱ ያሉትን፣ ገዢው ሊነገረው የሚገባውንና የማይገባውን እናያለን። የጠያቂውን ወንድም መልስ በመካከሉ እንሰጣለን፤ ተውበት አድርጎ ማስተካከል ለሚፈልግም መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

በገበያው ላይ የሚታዩት የክፍያ መንገዶች

በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች በብዛት የሚታወቀው የፐርሰንት ኮሚሽን ነው። ብዙ ጊዜ «ሁለት ፐርሰንት» ሲባል እንሰማለን፤ አንዳንዴ ከሻጩ ብቻ፣ አንዳንዴ ከሁለቱም ወገን ይወሰዳል። በ2 ሚሊዮን ብር የተሸጠ መኪና ላይ ሁለት ፐርሰንት 40 ሺህ ብር ነው። ሁለተኛው ባለቤቱ ለራሱ የሚፈልገውን ቁርጥ ዋጋ ነግሮ ከዚያ በላይ ያለውን ለደላላው የሚተውበት ነው። ሦስተኛው «ደላላ» የሚባለው ሰው መኪናውን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ መልሶ የሚሸጥበት ነው፤ ይህ በእውነቱ ድለላ ሳይሆን ንግድ ነው። አራተኛው በመኪና አስመጪና መሸጫ ድርጅቶች ውስጥ ያለው ሠራተኛ ነው፤ ወርሃዊ ደመወዝ አለው፤ በሸጠው መኪና ቁጥር ወይም በዋጋው ልክ ደግሞ ኮሚሽን ይታሰብለታል፤ በወር ይህን ያህል ካልሸጥክ የሚል ታርጌትም ሊኖርበት ይችላል።

እነዚህ መንገዶች የሂሳብ ልዩነት ብቻ አይደሉም፤ ሰውየውን ወዴት እንደሚገፉትም ይለያያሉ። በሁለት ፐርሰንት የሚሠራ ደላላ ለባለቤቱ 50 ሺህ ብር ጨምሮ ቢያስገኝ ለራሱ የሚጨመርለት 1 ሺህ ብር ብቻ ነው። ለዚህች 1 ሺህ ብር ሌላ ሳምንት ከመሮጥ ዛሬውኑ ሸጦ 40 ሺውን መያዝ ይሻለዋል። ስለዚህ ባለቤቱን «ልቀቀው፣ ከዚህ በላይ አያወጣም» ማለት ይቀናዋል። በቁርጥ ዋጋ የሚሠራው ደግሞ ከዚያ በላይ ያለችው እያንዳንዷ ብር የእሱ ናት። እንዲህ ያለው ሰው ከባለቤቱ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ማስቆረጥ፣ በገዢው ላይ ከፍ ማድረግ፣ ሁለቱ እንዳይገናኙም ማድረግ ይጠቅመዋል። ክፉ ሰው መሆን አይጠበቅበትም፤ ክፍያው ራሱ ወደዚያ ይጎትተዋል። ሸሪዓ በክፍያው ግልጽነት ላይ አጥብቆ የሚይዘውም ለዚህ ነው።

በሀገራችን ደግሞ ጉዳዩ ከቀድሞው ከብዷል። ከጥር 2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከተደረገ ወዲህ በነዳጅ መኪና የሚፈልግ ሰው ያለው አማራጭ እዚሁ ያለው ያገለገለ መኪና ነው። ሃያ ዓመት ያለፈው ቪትዝ ወይም ኮሮላ የአንድ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ቁጠባ ሊሆን ይችላል። አንድ መምህር ወይም አንዲት ነርስ ከዓረብ ሀገር እኅት የላከችውን ጨምረው፣ ዕቁብ አውጥተው የሚገዙት መኪና ነው። በዚህ ላይ የሚደበቅ ጉድለት ቤት ያናጋል።

የድለላ ክፍያ በመሠረቱ ሐላል ነው

አንዳንድ ሰዎች ድለላን በጅምላ የተጠላ ሥራ አድርገው ያዩታል። ይህ ትክክል አይደለም። ኢማሙ ቡኻሪ በሶሒሓቸው ውስጥ ስለ ደላላ ክፍያ ራሱን የቻለ ባብ ከፍተዋል። በዚያም ኢብን ሲሪን፣ ዐጧእ፣ ኢብራሂም አን-ነኸዒና ሐሰን አል-በስሪ በደላላ ክፍያ ላይ ችግር እንዳላዩ ጠቅሰዋል። ቀይስ ቢን አቢ ገረዛ (ረ.ዐ.) ደግሞ እነሱ በመዲና ገበያ «ሰማሲራ» ማለትም ደላሎች ይባሉ እንደነበር፣ የአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ከዚያ በተሻለ ስም «ነጋዴዎች» ብለው እንደጠሯቸው፣ መሸጥና መግዛት ውስጥ ከንቱ ንግግርና መሐላ ስለሚገባበትም በሰደቃ እንዲያጠሩት እንዳዘዟቸው ተናግረዋል። ይህን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ልብ እንበል፦ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሥራውን አልከለከሉም፤ ስሙን ከፍ አደረጉ፤ የሥራውን ደካማ ጎንም አመላከቱ። እሱም ምላስ ነው።

በፊቅህ አገላለጽ ደላላው የሚሠራው በአብዛኛው «ጁዓላ» በሚባለው ውል ነው፤ ሥራው ከተሳካ ይህን ያህል አለህ የሚል ቃል ኪዳን ማለት ነው። ዑለማዎች ለዚህ መሠረት የሚያደርጉት በሱረቱ ዩሱፍ አንቀጽ 72 የተጠቀሰውን፣ የንጉሡን መስፈሪያ ላመጣ ሰው የአንድ ግመል ጭነት የሚል ቃል የተገባበትን ታሪክ ነው። ሥራው ካልተሳካ ክፍያ የለም፤ ደላላው ቀኑን ሙሉ ቢሮጥም ማለት ነው። ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ ከተቀጠረ ግን «ኢጃራ» ነው፤ መኪናው ቢሸጥም ባይሸጥም ደመወዙ ይገባዋል። የድርጅት ሠራተኛው ደመወዝ በዚህ ውስጥ ይወድቃል።

በሁለቱም ውስጥ በሀገራችን በስፋት የሚታወቁት ሻፊዒይና ሐነፊይ መዝሀቦች የሚያስቀምጡት መስፈርት ክፍያው የታወቀ እንዲሆን ነው። ፐርሰንትን በተመለከተ፣ ዋጋው ገና ያልታወቀ ስለሆነ ክፍያውም አይታወቅም ብለው የተጠራጠሩ አሉ። የዘመናችን ብዙ ዑለማዎች ግን ፐርሰንቱ ራሱ የታወቀና ሲሸጥ ወደ ቁርጥ ቁጥር የሚያደርስ ስለሆነ፣ ሰዎችም ተስማምተውበት ስለሚሠሩበት ፈቅደውታል። ከሻጩ፣ ከገዢው ወይም ከሁለቱም መቀበልም ከፋዮቹ አውቀውና ተስማምተው እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም። ክፍያ ሳይነጋገሩ ሥራው ከተሠራስ? ሰውየው በዚህ ሥራ የሚተዳደር መሆኑ ከታወቀ «ኡጅረቱል ሚስል» ማለትም ለመሰል ሥራ በአካባቢው የሚከፈለው ይገባዋል። ይህ ግን ጭቅጭቅ ከተፈጠረ በኋላ የሚመጣ መፍትሔ ነው፤ አስቀድሞ መነጋገሩ የተሻለ ነው።

«የተረፈው ያንተ»

አሁን ወደ ጠያቂያችን እንመለስ። በዚያው የቡኻሪ ባብ ውስጥ ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) አንድ ሰው ለሌላው ይህን ልብስ ሽጥልኝ፣ ከዚህ ዋጋ በላይ ያገኘኸው የአንተ ነው ቢለው ችግር እንደሌለበት መናገራቸው ተጠቅሷል። ኢብን ሲሪንም ትርፉ ሙሉ በሙሉ ለሻጩ ወኪል ቢሰጥ ወይም ሁለቱ ቢካፈሉት ተመሳሳይ ነገር ብለዋል። ኢማሙ አሕመድ ይህን ይዘዋል። አብዛኞቹ ዑለማዎች ግን ክፍያው ያልታወቀ ስለሚሆን አልተቀበሉትም፤ ምናልባት ምንም ትርፍ ላይኖርም ይችላል፣ ወይም ከሥራው ጋር የማይመጣጠን ብዙ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ስለዚህ ጉዳዩ ዑለማዎች የተለያዩበት ነው፤ የፈቀዱትን ሐሳብ ይዞ የሚሠራ ሰው አይወገዝም።

ነገር ግን የፈቀዱትም ሰዎች የፈቀዱት ምን እንደሆነ በጥንቃቄ እናንብብ። ባለቤቱ «ከዚያ በላይ ያለው የአንተ ነው» ብሎ ሲናገር ነው። የጠያቂያችን ባለቤት ያለው ግን «ለእኔ 1 ሚሊዮን 900 ሺህ ከገባልኝ ይበቃኛል» ነው። ይህ ንግግር ሁለት ትርጉም ይይዛል። አንደኛው «ከዚህ በታች እንዳትሸጥ» የሚል ዝቅተኛ ወሰን ነው፤ ሁለተኛው «ከዚህ በላይ ያለውን ውሰድ» የሚል ስጦታ ነው። ወኪሉ ለራሱ የሚስማማውን ትርጉም መርጦ መውሰድ አይችልም። በተለይ ደግሞ ሁለት ፐርሰንት ከባለቤቱ ላይ መቀበሉ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ባለቤቱ ክፍያህ ኮሚሽኑ ነው ብሎ ነው ያሰበው። ትርፉን በሙሉ እንደሰጠ የሚያስብ ሰው በላዩ ላይ ኮሚሽን አይከፍልም።

ሂሳቡን እንየው። ባለቤቱ ከ1 ሚሊዮን 900 ሺው ላይ 38 ሺህ ብር ከፍሏል። ገዢው ከ2 ሚሊዮን 50 ሺው ላይ 41 ሺህ ብር ከፍሏል። 150 ሺህ ሲጨመርበት ደላላው እጅ የገባው 229 ሺህ ብር ነው። ባለቤቱ ግን ሥራውን ያሠራው በ38 ሺህ ብር እንደሆነ እያመነ ቤቱ ገብቷል።

ወኪል የሚያገኘው ትርፍ የማን እንደሆነ የሚያሳይ ታዋቂ ሐዲስ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዑርወቱ አል-ባሪቂ (ረ.ዐ.) በግ እንዲገዛላቸው አንድ ዲናር ሰጡት። እሱ በዲናሩ ሁለት በግ ገዛ፤ አንዱን በአንድ ዲናር ሸጠና አንድ በግና አንድ ዲናር ይዞ መጣ። ዱዓ አደረጉለት፤ ከዚያ ወዲህ አፈር እንኳ ቢገዛ የሚያተርፍ ሰው ሆነ። ቡኻሪ ዘግበውታል። ዑርዋ በብልሃቱ ያገኘውን ዲናር «የራሴ ጥረት ነው» ብሎ ኪሱ አልከተተም። በጉንም ዲናሩንም ለላካቸው ሰው አስረከበ። ዑለማዎች ከዚህ ያወጡት ሕግ ወኪል በውክልናው ያገኘው ትርፍ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ የወካዩ ነው የሚል ነው።

የሀገራችን ሕግም በዚህ ላይ የተለየ ነገር አይልም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2208 ወኪል ለወካዩ ፍጹም ቅን ልቡና እንዲኖረው፣ በቁጥር 2209 ደግሞ ለወካዩ ጥቅም ብቻ እንዲሠራና ወካዩ ሳያውቅ ከሚፈጽመው ውል ለራሱ ጥቅም እንዳያገኝ ያዛል። «የሥራው ጠባይ ነው» የሚለው ክርክር በሸሪዓም በሕግም በኩል አይጸናም።

ስለዚህ ለጠያቂው የምንለው፦ ባለቤቱ ትርፉ የአንተ ነው ብሎ በግልጽ ካልተናገረ 150 ሺው የባለቤቱ ገንዘብ ነው። ከገዢው የተቀበልከው ኮሚሽንም የሚጸዳው ገዢው የባለቤቱ ወኪል መሆንህን እያወቀ ከከፈለህ ነው። «ለአንተ ነው የማስቀንስልህ» ብለኸው፣ ለራስህ ግን በላዩ ላይ ስትጨምር ከነበረ፣ ኮሚሽኑን የወሰድከው ላልሠራኸው ሥራ ነው።

በራስ ስም ገዝቶ መሸጥ

አንዳንዱ «እኔ ገዝቼ ነው የሸጥኩት» ብሎ ከዚህ ሁሉ ለመውጣት ይሞክራል። በእውነት ከገዛ መብቱ ነው። ግን መግዛት ማለት ዋጋ ተስማምቶ፣ ከፍሎ ወይም ዕዳውን ተሸክሞ፣ መኪናውን ተረክቦ፣ በመካከሉ ቢጋጭ ወይም ቢሰረቅ ኪሳራው በራሱ ላይ እንዲሆን ማድረግ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐኪም ቢን ሒዛምን (ረ.ዐ.) እጁ ላይ የሌለውን እንዳይሸጥ ከልክለውታል። ገዢ እስኪገኝ ድረስ «ገዝቼዋለሁ» እያለ፣ ገዢው ሲጠፋ መኪናውን ለባለቤቱ የሚመልስ ሰው አልገዛም።

በእውነት የገዛ ነጋዴ የገዛበትን ዋጋ ለገዢው የመናገር ግዴታ የለበትም። ይህ ብዙዎች የሚስቱት ነጥብ ነው። በተራ ድርድር በሚደረግ ሽያጭ ሻጩ በስንት እንዳስገባው የራሱ ጉዳይ ነው፤ «ስንት አተረፍክ?» ተብሎ መልስ ባይሰጥ አይወቀስም። ከተናገረ ግን እውነቱን መናገር አለበት። «በዚህ ነው ያስገባሁት፣ ሃያ ሺህ ብቻ ጨምርልኝ» ካለ ሽያጩ ፉቀሃእ «በይዑል አማና» ወደሚሉት የአደራ ሽያጭ ይለወጣል፤ የተናገረው ዋጋ ውሸት ሆኖ ከተገኘ ገዢው መብት ይኖረዋል። ዘምዘምና ሒጅራን የመሳሰሉት ከወለድ ነፃ ባንኮች በሙራበሓ መኪና ሲሸጡ የገዙበትን ዋጋና ትርፋቸውን ለይተው የሚነግሩት ከዚሁ የተነሳ ነው። ጓደኛ ወይም ዘመድ ለሆነ ገዢ «ለአንተ ያለ ትርፍ ነው» ማለት ደግሞ በእኛ ገበያ በጣም የሚቀል ንግግር ነው። አማና ውስጥ እንደተገባ የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው።

ጉድለቱን የመናገር ግዴታ የማን ነው?

ደላላው ብዙ ጊዜ «መኪናው የእኔ አይደለም፣ እኔ ያገናኘሁ ነኝ፣ ጉድለት ካለ ባለቤቱን ጠይቁ» ይላል። በዚህ ላይ ግልጽ የሆነ ማስረጃ አለ። ዑቅበቱ ቢን ዓሚር (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ኢብን ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሙስሊም ዐይብ ያለበትን ዕቃ ሳይገልጽ ለወንድሙ መሸጥ እንደማይፈቀድለት ተነግሯል። ይህ የሻጩ ግዴታ ነው። ሦስተኛውን ሰው የሚመለከተው ደግሞ የዋሲላ ቢን አል-አስቀዕ (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። አንድ ሰው ከእሳቸው ግቢ ግመል ገዝቶ ሲወጣ ዋሲላ ልብሳቸውን እየጎተቱ ተከትለው ደረሱበት። የግመሏ ነገር ተገልጾልህ ነበርን ብለው ጠየቁት። መልኳ ወፍራምና ጤነኛ ነው አላቸው። ለሥጋ ነው ወይስ ለጉዞ ፈልገሃት አሉት። ለሐጅ ጉዞ እንደሆነ ሲነግራቸው እግሯ ሥር ቀዳዳ እንዳለባት ነገሩት። የግመሏ ባለቤት ሽያጬን አበላሸህብኝ ብሎ ተቆጣ። ዋሲላም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰሙትን ነገሩት፤ ሻጩ ብቻ ሳይሆን ጉድለቱን የሚያውቅ ማንኛውም ሰው ሳይናገር ዝም ማለት አይፈቀድለትም። ይህን ኢማሙ አሕመድና ሓኪም ዘግበውታል፤ በሰነዱ ላይ ሙሐዲሶች የተናገሩ ቢሆንም ከላይ ያለው የዑቅባ ሐዲስ መልዕክቱን ያጠናክረዋል።

የዋሲላ ጥያቄ ዛሬም ለመኪና ሻጭ ትምህርት ነው፦ ለምንድን ነው የምትፈልገው? ከተማ ውስጥ ልጆች ትምህርት ቤት ለማድረስ የሚበቃ መኪና ወደ ደሴ ወይም ወደ ጅማ ለሚመላለስ ሰው ላይበቃ ይችላል። ለአንዱ ጉድለት ያልሆነው ለሌላው ጉድለት ነው።

ዐይብ የሚባለው ዋጋውን የሚቀንስ ወይም የታሰበለትን አገልግሎት የሚያጎድል ነገር ነው። በያገለገለ መኪና ላይ የተጋጨና ባትላሜራ ቤት ገብቶ የወጣ መሆኑ፣ ሞተሩ ወርዶ የተሠራ መሆኑ፣ ካምቢዮው የሚንሸራተት መሆኑ፣ ኪሎ ሜትሩ ወደ ኋላ የተመለሰ መሆኑ ከዚህ ይመደባሉ። በወረቀት በኩል ያሉትም እንደዚሁ ናቸው፤ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ ያለበት፣ በቀረጥ ነፃ የገባና ቀረጡ ሳይከፈል ስም የማይዛወርለት፣ ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር የማይገጥም። ገዢ ሞተሩን መካኒክ ያሳያል፤ የወረቀቱን ጉድለት ግን ብዙ ጊዜ ስም ማዛወሪያ ቢሮ ደርሶ፣ ገንዘቡ ከእጁ ከወጣ በኋላ ነው የሚያውቀው።

በኤሌክትሪክ መኪና ላይ አዲስ ዓይነት ዐይብ መጥቷል። ያገለገለ ከሆነ የባትሪው ቀሪ አቅም ዋነኛው ነው። ለቻይና ገበያ የተሠሩት ላይ አንድ ጊዜ ተሞልቶ ይሄዳል ተብሎ የሚጻፈው ርቀት በዚያው ሀገር የሙከራ ስልት የተለካ ነው፤ በመንገድ ላይ ከሚገኘው ከፍ ይላል። ይህን የሚያውቅ ሻጭ የወረቀቱን ቁጥር ብቻ አንብቦ ዝም ካለ እርጥቡን እህል ከሥር አድርጎ ደረቁን ከላይ እንዳደረገው ሰው ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እጃቸውን ክምሩ ውስጥ አስገብተው እርጥበቱን ባገኙ ጊዜ፣ የሚያታልል ከእሳቸው እንዳልሆነ ተናግረዋል። ሙስሊም ዘግበውታል።

«እንዳለ ነው የምሸጥልህ፣ ካየኸው በኋላ ኃላፊነት የለብኝም» የሚለውስ? ሻጩ የማያውቀውን ጉድለት በተመለከተ ዑለማዎች ተለያይተዋል። የሚያውቀውን ግን ደብቆ በዚህ ቃል አይወጣም። በኢማሙ ማሊክ ሙወጠእ ውስጥ የሚገኘው ታሪክ ይህን ያሳያል። ዐብደላህ ቢን ዑመር (ረ.ዐ.) አንድ ባሪያ «ከማንኛውም ዐይብ ነፃ ነኝ» ብለው በ800 ዲርሀም ሸጡ። ገዢው ሕመም አለበት ብሎ ሲከሳቸው ኸሊፋው ዑስማን (ረ.ዐ.) ዐይቡን ሳያውቁ እንደሸጡ እንዲምሉ ፈረዱ። ኢብን ዑመር መማሉን ትተው ባሪያውን መልሰው ተቀበሉ፤ በኋላ ዳነና በ1500 ዲርሀም ሸጡት። በሕጉም በኩል የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስ ያደርገዋል።

መሐላና «ሌላ ገዢ አለ»

በመኪና ተራ «ወላሂ» ከሰላምታ በላይ ይነገራል። መሐላ ዕቃን እንደሚያሸጥ፣ በረካውን ግን እንደሚያጠፋ በቡኻሪና በሙስሊም ሐዲስ ተነግሯል፤ በእውነትም ቢሆን ማብዛቱ የተጠላ ነው። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የውሸት ተፎካካሪ መፍጠር ነው። ገዢው ፊት ስልክ አንስቶ «አንተም በዚህ ዋጋ ትወስደዋለህ?» ማለት፣ ባልደረባን እንደ ገዢ አድርጎ ዋጋ እንዲጨምር ማድረግ፣ ያልተሰጠ ዋጋን «ትናንት በዚህ ተጠይቄ እምቢ ብያለሁ» ማለት ከተከለከለው «ነጅሽ» ይቆጠራሉ። ሁለት ሻጭና ገዢ እውነት ከተናገሩና ግልጽ ካደረጉ ንግዳቸው እንደሚባረክ፣ ከደበቁና ከዋሹ በረካው እንደሚነሳ ሐኪም ቢን ሒዛም (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል።

ሠራተኛውና መካኒኩ

በድርጅት የሚሠራው ሠራተኛ ከአሠሪው የሚያገኘው ደመወዝና ኮሚሽን ሐላል ነው፤ ታርጌት መኖሩም ብቻውን አይጎዳም። ችግሩ ከጎን የሚመጣው ነው። ተራ ለማስቀደም፣ የተፈለገውን ቀለም ለማስያዝ ወይም የተፈቀደውን ቅናሽ ለመስጠት ከገዢ «ሻይ» የሚቀበል ሠራተኛ የኢብኑል ሉትቢያን ታሪክ ያስታውስ። ዘካ ሊሰበስብ ተልኮ ሲመለስ ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ደግሞ ለእኔ የተሰጠ ስጦታ ነው አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአባቱ ወይም በእናቱ ቤት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ስጦታው ይመጣለት እንደነበረ ጠየቁ። አሠሪው አውቆ የፈቀደው ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ስለ መካኒክም መናገር አለብን፤ ይህ ጉዳይ በጣም ያሳስበናል። ገዢው መኪናውን የሚያይለት ሰው ይዞ ይመጣል፣ ይከፍለዋል፣ ቃሉን አምኖ ሚሊዮን ብር ያወጣል። ደላላው ግን መካኒኩን ዞር አድርጎ «ካለፈ ለአንተ ይህን ያህል አለ» ይለዋል። መካኒኩ የገዢው ዓይን ነው፤ ከሌላው ወገን የሚቀበለው ገንዘብ ስሙ ምንም ቢባል ሪሽዋ፣ ጉቦ ነው። ሰጪውም ተቀባዩም በወንጀሉ ይካፈላሉ። ገዢዎች ደላላው የጠቆማቸውን ጋራዥ ትተው ራሳቸው የሚያውቁት ጋር ቢሄዱ መልካም ነው።

ደላላውም ይበደላል

ፍትሕ በአንድ ወገን ብቻ አይቆምም። ደላላው ያገናኛቸው ሻጭና ገዢ «አልተስማማንም» ብለው ይለያዩና በማግስቱ ተደዋውለው፣ ኮሚሽኑን ለማስቀረት ብቻ ውል ይፈራረማሉ። አንዳንዶቹ የሰላት ሰፍ ላይ አብረው የሚቆሙ ሰዎች ናቸው። ሽያጩ የተገኘው በደላላው ሥራ እስከሆነ ድረስ ክፍያው ዕዳ ሆኖ በላያቸው ላይ ይቀራል። አላህ በቂያማ ቀን ከሚሟገታቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን በሙሉ ተቀብሎ ዋጋውን ያልሰጠ መሆኑ በሐዲሰል ቁድሲ ተነግሯል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። ደላላው ለስንት መኪና በራሱ የስልክና የትራንስፖርት ወጪ ሮጦ ያለምንም ክፍያ እንደሚመለስ የሚያስብ ጥቂት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ደላላው ትርፉን የሚደብቀው አንዳንዴ ኮሚሽኑ እንደሚበላበት ከልምድ ስለሚያውቅ ነው። ይህ ግን ለጥፋቱ ምክንያት አይሆነውም።

ስለዚህ መኪናው ከመታየቱ በፊት ትንሽ ወረቀት ወይም ቢያንስ የስልክ መልዕክት ይኑር። የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር፣ ባለቤቱ የሚቀበለው ዝቅተኛ ዋጋ፣ የደላላው ክፍያ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍለው፣ ከዝቅተኛው ዋጋ በላይ ከተሸጠ ትርፉ የማን እንደሆነ፣ ደላላው ያመጣው ገዢ ስንት ጊዜ ውስጥ ቢገዛ ኮሚሽኑ እንደሚጸና ይጻፍ። ትርፉን መካፈል ከፈለጉም «ከዚህ በላይ ካለው ግማሹ ያንተ» ብሎ በግልጽ መስማማት ከመደበቅ ይሻላል፤ ከላይ እንዳየነው ይህን የፈቀዱ አሉና። ክፍያው እንዲታወቅ የሚያጠብቀውን ሐሳብ የሚይዝ ሰው ቁርጥ ያለ ብር ይወስን። ቀብድ በደላላው እጅ ከተቀመጠ አማና ስለሆነ ሊነግድበት አይችልም፤ ይልቁንስ በቀጥታ ወደ ባለቤቱ ሒሳብ ቢገባ ይመረጣል።

ያለፈውን ማስተካከል

ጠያቂው ወንድማችን የመኪናውን ባለቤት አግኝቶ በስንት እንደተሸጠ ይንገረው። ባለቤቱ «ሐላል አድርጌልሃለሁ» ካለ ጉዳዩ አለቀ። የተወሰነውን ከጠየቀ ይስማሙ፤ ሙሉውን ከጠየቀም መብቱ ነው። ገንዘቡ ወጥቶ ካለቀ ዕዳ ሆኖ ይመዘገብና በጊዜ ይከፈላል። ከዚህ በፊት በተመሳሳይ መንገድ የሸጣቸው መኪኖች ካሉ የባለቤቶቹ ስልክ በእጁ ላይ ነውና ከሚያስታውሰው ይጀምር። ሞተው ከሆነ ለወራሾቻቸው ይሰጣል። በፍጹም ሊገኝ ያልቻለ ሰው ካለ ገንዘቡን በባለቤቱ ስም ሰደቃ ያደርጋል፤ አንድ ቀን ባለቤቱ ከተገኘ ሰደቃውን እንዲያጸድቅ ወይም ገንዘቡን እንዲወስድ ይመረጣል። ጉድለቱን እያወቀ ደብቆ የሸጠለት ገዢ ካለም እንዲሁ ያሳውቀው፤ ገዢው መኪናውን መመለስ ወይም በስምምነት የዋጋውን ልዩነት መቀበል ይችላል። ዝርዝሩ ከበዛበት በአቅራቢያው ያሉ ዑለማዎች ዘንድ ወረቀቶቹን ይዞ ቢቀርብ ይሻላል፤ እያንዳንዱ ሽያጭ የየራሱ ንግግርና ስምምነት ስላለው በአንድ ፈትዋ አይጠቃለልም።

ወላሁ አዕለም።